«ስሕተት»፣ «ጉዳት»፣ «ብልሽት»፦ ስለ ሐርድ ዲስክ ምርመራ ቃላት ታሪካዊ አስተያየት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በቤት ኮምፒዩተር ሐርድ ዲስክ ላይ የሚደርሰው እክል በአማርኛ እንዴት እንደሚሰየም መመርመርና ለተርጓሚዎች አንድ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የስያሜ መደባለቅ የብዙ ዓመት ሥራን እስከ ማሳጣት ይደርሳልና።

ጸሐፊው የሚኖርበት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙ ራሱ ለስያሜ ጥናት ትምህርት ይሰጣል። «የነፋስ ስልክ» ቀደም ሲል ገመድ አልባው የሬዲዮ መገናኛ የተጠራበት ስም ነው። «ስልክ» በምንጩ በዐረብኛ «ሽቦ» ማለት ስለሆነ ስያሜው ቃል በቃል ሲፈታ «የነፋስ ሽቦ» ይሆናል። ሽቦ የሌለውን መሣሪያ በሽቦ መጥራት የማይገባ ይመስላል፤ ሆኖም ተናጋሪው «ስልክ»ን የሚያውቀው በአገልግሎቱ እንጂ በሥርወ ቃሉ ስላልሆነ ስያሜው ያለ ችግር ሠርቷል። ከዚህ የምንረዳው ቃል የሚመዘነው በተጠቃሚው አእምሮ ውስጥ በሚፈጥረው ግንዛቤ መሆኑን ነው።

ሐርድ ዲስክ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አይ ቢ ኤም ያወጣው ራማክ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ነበር። በ1973 ያው ድርጅት «ዊንቸስተር» በሚል የጠመንጃ ስም የታወቀውን ዲስክ አወጣ። ምንሽርንና ውጅግራን ከባዕድ ስም አላምዶ የራሱ ያደረገው አማርኛ ግን ይህን ስም አልወሰደውም። በ1983 ባለ 10 ሜጋባይት ሐርድ ዲስክ የተገጠመለት ፒሲ ኤክስቲ ከወጣ በኋላ መሣሪያው በግል ኮምፒዩተር ውስጥ እየተለመደ ሄደ።

በትርጉም ሥራ አንዳንዴ «ደረቅ ዲስክ» የሚል ስያሜ ይታያል። በእንግሊዝኛው «ሐርድ» የተባለው ከሚተጣጠፈው ፍሎፒ ዲስክ ለመለየት ነው፤ በአማርኛ ግን የ«ደረቅ» ተቃራኒ «እርጥብ» በመሆኑ ንጽጽሩ ይጠፋል። ስለዚህ የተለመደውን «ሐርድ ዲስክ» ማጽደቅ ይሻላል።

ዋናው ችግር ያለው እንግሊዝኛው «ኤረር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ይህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው የፋይሎች መዝገብ መዛባት ነው፤ ለምሳሌ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ ይከሠታል። ሁለተኛው የሳሕኑ ገጽ በከፊል መጎዳት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሴክተሮች አይነበቡም። ሦስተኛው የአካላቱ እክል ነው፤ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ የሚንሳፈፈው ማንበቢያ ራስ ሳሕኑን ሲነካ የሚደርሰው ጥፋት ከዚህ ይመደባል። እኛ ግን ሦስቱንም «ስሕተት» እያልን ስንተረጉም ኖረናል።

የዚህ ልማድ ዋጋ በጸሐፊው ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት፣ ከገጠር የተሰበሰቡ ቃላት የተመዘገቡበት የቤት ኮምፒዩተር «ኤረር» መገኘቱን አስታውቆ ይታረም እንደሆነ ጠየቀ። ዕድሜውን ሙሉ ረቂቅ ሲያርም የኖረ ሰው «ስሕተት» ሲባል እርማትን እንጂ ሌላ አያስብምና ፈቀድኩ። ዲስኩ ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል አድሮ ጠዋት ጨርሶ አልነበብ አለ። የሰፈራችን ወጣት ባለሙያ አዳምጦ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ስሕተት አይደለም፤ ሃርዱ ታሞ ነበር። መጀመሪያ ፋይሉን ማውጣት፣ ከዚያ መመርመር ነበር» አለኝ። በወረቀት ካርድ ያልነበረው ሁሉ ጠፋ።

ወጣቱ የተናገረው የሙያውን ሕግ ነው። እየደከመ ያለ ዲስክ በእርማት ፕሮግራም ሲመላለስ ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ቅጂ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ ዲስኩ ስለ ራሱ ይዞታ የሚይዘው «ስማርት» የተባለው መዝገብ ይነበባል፤ ስለ እርማት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

አማርኛ ይህን ልዩነት ለመግለጽ አዲስ ቃል አያስፈልገውም፤ ስሞቹ ከሚወስዷቸው ግሦች ጋር ይበቃሉ። ስሕተት ይታረማል፤ የተጎዳ ይተካል፤ የተበላሸ ይጠገናል፣ ካልሆነም ይጣላል። በመሆኑም ለጥቅሉ «እክል»፣ ለፋይሎች መዝገብ መዛባት «ስሕተት»፣ ለሴክተር «ጉዳት»፣ ለአካላቱ «ብልሽት» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። «ተተካ» ማለትም ከአሠራሩ ጋር ይስማማል፤ ዲስኩ የማይሠራውን ሴክተር ትቶ በመጠባበቂያ ይለውጠዋልና።

የኮምፒዩተሩ መልእክት የእክሉን ዓይነት ሳይለይ ሲቀር ግን ተርጓሚው «እክል» ብሎ ቢያልፍ ይመረጣል። «ስሕተት» የሚለው ቃል አንባቢውን ወደ እርማት ይመራዋል፤ «እክል» ግን ምንነቱን እንዲጠይቅ ያደርገዋል።