የቱስኬጊ አውሮፕላን ሜዳና ጉለሌ ያረፈው አብራሪ



በወጋችን ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። እኔም ዘንድሮ በዚህ መጽሔታችን ላይ የአንድ ሰውንና የአንድ ሜዳን የሕይወት ታሪክ ላንብብላችሁ። ሰውየው የተቀበረው እዚሁ ጉለሌ ነው። ሜዳው ግን ያለው ባሕር ማዶ፣ በአሜሪካ አገር፣ አላባማ በተባለው ግዛት ነው። ዓመታቱን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰውየው ጆን ሮቢንሰን ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቱስኬጊ በሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት የመኪና ሜካኒክነት ተምሮ በ1924 ተመረቀ። ሐሳቡ ግን አውሮፕላን ማብረር ነበር። ያን ጊዜ ጥቁር ተቀብሎ በረራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ቺካጎ ውስጥ ካንዱ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ገባ። ክፍሉን እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር፤ በኋላ ተማሪ ሆኖ ሙያውን ጨበጠ። በ1934 ራሱ አብርሮ ቱስኬጊ ድረስ ሄደና የበረራ ትምህርት እንዲከፍቱ ለመናቸው። ጊዜው የገንዘብ ችግር የጠናበት ስለነበር ሐሳቡ ለጊዜው ሳይሳካ ቀረ።

በ1935 ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ ሮቢንሰን ወደኛ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ትንሹን አየር ኃይላችንን እንዲመራ ሾሙት። አውሮፕላኖቻችን ከሃያ አምስት አይበልጡም፤ አብዛኞቹም ለውጊያ የተሠሩ አልነበሩም። እሱ ግን በነዚያው መልእክት እያመላለሰ፣ የጠላትን ጦር እየቃኘ አገለገለ። አድዋ በቦምብ ስትደበደብም እዚያው ነበረ። በ1936 አገሩ ሲመለስ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። እሱን ያየ ጥቁር ወጣት ሁሉ ልቡ ለበረራ ተነሣሣ።

አሁን ወደ ሜዳው እንምጣ። የአሜሪካ ጦር ኮሌጅ በ1925 ባወጣው ጽሑፍ ጥቁር ሰው በድፍረትም በችሎታም ከነጭ ያንሳል ብሎ ነበር። በዚህ አመለካከት የተነሣ የጦሩ አየር ክፍል ለጥቁር በሩን ዘግቶ ኖረ። የጥቁሮች ጋዜጦችና ማኅበራት ግን ዝም አላሉም። በ1939 ቱስኬጊ ለሲቪሎች የበረራ ትምህርት ጀመረ። በጥር 1941 አንድ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መንግሥትን ከሰሰ፤ በዚያው ወር ጦሩ የጥቁሮች የአየር ጓድ እንደሚያቋቁም አስታወቀ። ጥቁርና ነጭ ግን ለየብቻ እንዲሆን ነው።

ሜዳው ሁለት ነበር። ጀማሪው የሚማረው ሞተን በተባለው ትንሹ ሜዳ ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈው ወደ ትልቁ የጦር ሜዳ ይዛወራል። ትልቁን ሜዳ የሠራው የጥቁሮች የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች 13 ነበሩ፤ በመጋቢት 1942 የተመረቁት 5 ብቻ ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እስከ 1946 ድረስ ወደ 1,000 የሚጠጉ አብራሪዎች ከዚያ ወጡ። ሜካኒኩ፣ ራዲዮ ሠራተኛው፣ አስተማሪውና ሐኪሙ ሲቆጠር ደግሞ ቁጥሩ በብዙ ሺህ ይሆናል።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። የቱስኬጊ ልጆች በሰኔ 1943 መጀመሪያ የተዋጉት በፓንተለሪያ ደሴት ላይ ነው። ፓንተለሪያ የማን ነበረች? የፋሺስት ጣሊያን! እኛን በመርዝ ጋዝ የፈጀው መንግሥት ማለት ነው። ከነዚህ ልጆች ከ60 በላይ የሚሆኑት በውጊያ ሞቱ።

ታዲያ ደማቸውን አፍስሰውም እኩልነት ወዲያው አልተሰጣቸውም። በ1945 ኢንዲያና ውስጥ ባንድ የጦር ሠፈር፣ ነጭ መኮንኖች ከሚዝናኑበት ክበብ እንግባ በማለታቸውና ልዩነቱን የሚያጸናውን ትእዛዝ አንፈርምም በማለታቸው ከ100 በላይ ጥቁር መኮንኖች ታሰሩ። በ1948 ግን ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር አዘዙ። ትልቁ ሜዳ ከዚያ በፊት፣ በ1947 ተዘግቶ ነበር። ሞተን ሜዳ በ1998 በሕግ ብሔራዊ የታሪክ ቦታ ሆኗል፤ በ2007 ደግሞ ለአብራሪዎቹ የኮንግረስ የወርቅ ሜዳልያ ተሰጥቷቸዋል። ብዙዎቹ ግን ያን ቀን ሳያዩ ዐርፈዋል።

ሮቢንሰንስ? በ1944 ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር እንደገና መጥቶ ልጆቻችንን በረራ አስተማረ። በ1954፣ በኛ በመጋቢት 1946 ዓ.ም.፣ በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ፤ ጉለሌም ተቀበረ።

አባላት ሆይ፤ የክፉ ቀን ወዳጅን መርሳት በዕድር ሕግ ነውር ነው። አንዱ የጎደለበት ቤት ሌላው እንደሚደርስ፣ ሮቢንሰንም ሌላው ሁሉ ፊቱን ባዞረብን ጊዜ ውቅያኖስ ተሻግሮ ደርሶልናል። ለቀብር ወደ ጉለሌ ስንሄድ የሱንም ስም ለልጆቻችን እንንገራቸው። ሰው የሚሞተው ታሪኩን የሚያነብለት ሲያጣ ነው።

ነፍስ ይማር።