የኬሊ ባርንስ ግድብ ታሪክ

በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ቶኮዋ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ ውሃው ከ57 ሜትር ከፍታ ቍልቍል ይወርዳል። ከፏፏቴው በላይ፣ በዚያው ጅረት ላይ፣ እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ኬሊ ባርንስ የተባለ የዐፈር ግድብ ነበረ። ቁመቱ 12 ሜትር ያህል፣ የሐይቁም ስፋት 16 ሄክታር ያህል ነበር።

ግድቡ በአንድ ጊዜና በአንድ ሐሳብ የተሠራ አይደለም። በመጀመሪያ በ1899 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆን ውሃ እንዲያቈር በእንጨት ማዕቀፍ ውስጥ ድንጋይ ተሞልቶ ተገነባ። ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በስፍራው የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አስተማማኝ የመብራት ኃይል ስለ ፈለገ፣ በአሮጌው ድንጋይ ላይ ዐፈር ተከምሮበት አደገ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም እንደ ገና ከፍ ተደረገ። በ1957 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨቱ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ዋለ።

የነገሩ ሥር ያለው በዚህ ለውጥ ውስጥ ይመስላል። መብራት የሚሰጥ ግድብ ቢበላሽ ጨለማው ራሱ ይናገራል፤ ለመዝናኛ የዋለ ሐይቅ ግን ውሃው እስካለ ድረስ እንከን የሌለበት መስሎ ይታያል፤ ግድቡም ከተፈጥሮ ኰረብታ ይቈጠራል። በፔንሲልቬኒያ በ1889 ዓ.ም. ፈርሶ 2,209 ሰዎች ያለቁበት ግድብም እንዲሁ ለመርከብ ቦይ ውሃ ሊያጠራቅም ተሠርቶ፣ ኋላ የባለጠጎች ዓሣ ማጥመጃ ሆኖ የነበረ ነው። በኬሊ ባርንስ ተዳፋት ላይ ዛፎች በቅለው ነበር። በ1973 ዓ.ም. በተነሣ ፎቶግራፍም፣ በታችኛው ፊቱ ላይ 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዐፈር ተንሸራቶ ይታያል። ግድቦችን እንዲመረመሩ የሚፈቅድ የፌዴራል ሕግ በ1972 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ለምርመራው የሚበቃ ገንዘብ ግን አልተመደበለትም።

ኅዳር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (ይህም በፈረንጆቹ ወር ነው) ከብርቱ ዝናም በኋላ፣ ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት ተኩል፣ ግድቡ ተደረመሰ። ጐርፉ በፏፏቴው ላይ ወርዶ ከሥር በትምህርት ቤቱ ግቢ ተኝተው የነበሩትን ደረሰባቸው። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 20ዎቹ ሕፃናት ነበሩ። መርማሪዎቹ አንድ ምክንያት ብቻ ነጥለው አልፈረዱም፤ ይሁን እንጂ እጅግ ቀጥ ያለው ተዳፋት መንሸራተቱንና ምናልባትም በውስጡ ውሃ መስረጉን አመለከቱ።

ፕሬዚዳንት ካርተር በመንግሥት ያልተያዙ አደገኛ ግድቦች እንዲመረመሩ ወዲያው አዘዙ። እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ ወደ 8,800 የሚጠጉ ግድቦች ተመረመሩ፤ ከሦስት አንዱ ያህል የሚያሠጋ ሆኖ ተገኘ። ጆርጂያም በ1978 ዓ.ም. የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች። ኬሊ ባርንስ ግን እንደ ገና አልተሠራም፤ ጅረቱ ዛሬ ያለ ግድብ ወደ ፏፏቴው ይወርዳል።