ተጨማሪ ምግብ (የሕፃናት)፦ ጎንደርና የሰሜን ጎንደር ደጋ

ሕፃን 6 ወር ሲሞላው ከእናት ጡት ወተት ጋር የሚጀመርለት ምግብ። ጡት ማጥባቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ደጋ ገብስ በደንብ ስለሚበቅል ለሕፃኑ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የገብስ አጥሚት ወይም ገንፎ ነው። ቀጭን አጥሚት ግን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነውና ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ይሁን። ገብሱ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር ተቆልቶ ሲፈጭ፣ ሲበስልም እንቁላል ወይም ወተት፣ ተቀቅሎ የላመ ካሮት ወይም ጎመን ሲታከልበት የተሟላ ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ይሰጣል።

ጾም ሲገባ እንቁላሉና ወተቱ ከሕፃኑም ገበታ ይጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ጹሙ አትልም፤ እናቶች የሚሰጉት የቤቱ ድስት በፍስክ እንዳይነካ ነው። ለልጁ የብቻው ድስትና ማንኪያ መለየት ቀላሉና ምርጡ መፍትሔ ነው፤ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ያለ እንቁላልና ወተት ማሳለፍ ለሚያድግ ሕፃን ትልቅ ጉዳት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው።