የከተማ ጎርፍና የካሬው ስፋት

በከተማ የዘነበ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ በስሌት መተንበይ የተጀመረው ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ መልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1851 ባቀረበው ዘዴ ተፋሰሱ ሁሉ እንደ አንድ ቁራሽ መሬት ይቆጠራል፤ የዝናቡ ኃይል በቦታው ስፋትና የመሬቱን ጠባይ በሚወክል አንድ ቁጥር ይባዛል። ኤሚል ኩይችሊንግ በ1889 በአሜሪካዋ ሮቸስተር ይህንኑ መንገድ ለፍሳሽ መስመሮች አዋለው። የቱቦ ስፋትን ለመወሰን እስከ ዛሬ ያገለግላል። ጎርፉ የማንን ግቢ እንደሚመታ ግን አይናገርም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው የዝናብ ውኃ ሞዴል ከተማን በትናንሽ ተፋሰሶች ከፋፈለ፣ ቱቦዎቹንም አንድ በአንድ አሰላ። ከቱቦ ሞልቶ የወጣው ውኃ በየመንገዱ እንዴት እንደሚሰራጭ ማሳየት ግን ሌላ ሥራ ነበር፤ ለዚያ መሬቱን በካሬ በካሬ የሚያውቅ ካርታ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ኢንዴቨር በ11 ቀን አብዛኛውን የየብስ ገጽ በራዳር ለካች። አሜሪካ ለራሷ ግዛት ጎናቸው 30 ሜትር በሆነ ካሬዎች የተከፈለውን መረጃ ስታወጣ ለሌላው ዓለም የተሰጠው 90 ሜትሩ ነበር፤ አፍሪካ 30 ሜትሩን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጎኑ 90 ሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ መንገዱ፣ ወንዙና ሰፈሩ አንድ ከፍታ ብቻ ይኖራቸዋል። ራዳሩ ደግሞ የሚያየው ጣሪያንና የዛፍ ጫፍን ነው። የጣሪያው ቁመት ከመሬቱ ጋር ሲደባለቅ ጠባቡ መንገድ ይዘጋል፤ ሕንፃው ከካርታው ሲነሳ ደግሞ ውኃው ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ እንደሚፈስ ሆኖ ይሰላል። በግላስጎው ግሪንፊልድ ሰፈር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ወሳኙን ልክ አሳየ፦ ካሬው በሕንፃዎች መካከል ካለው ክፍተት ከሰፋ ሞዴሉ የጎርፉን መንገድ ይስታል።

ታዲያ ለምን ሁሉም በ1 ሜትር አይሠራም? ካሬው ከ10 ሜትር ወደ 1 ሲወርድ የካሬዎቹ ቁጥር መቶ እጥፍ ይሆናል፤ ስሌቱ እንዳይናጋም የጊዜው እርምጃ በአሥር እጅ ግድም ማጠር አለበት። ሥራው በጠቅላላ ወደ ሺህ እጥፍ ያድጋል። ይህንን ፈጣን ማሽን ይችለዋል። ማሽን የማይችለው የጎደለ መረጃን መሙላት ነው። የ30 ሜትር ካርታ በኮምፒውተር ወደ 1 ሜትር ቢሸነሸን የሚጨምረው እውቀት የለም፤ ይልቁንም ስህተቱን አምሮ እንዲታይ ያደርገዋል፤ ይህ ደግሞ ለውሳኔ ሰጪ አደገኛ ነው። ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ ጥሩ ካርታ እንኳ የድልድዩን ወለል መሬት አድርጎ ከወሰደው ሞዴሉ ወንዙን ይገድበዋል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እንዲህ ያለ ወንዝ የሚያቋርጣቸው ከተሞቻችን ሞዴል ከመግዛታቸው በፊት የየቦዩን ጥልቀት፣ የየድልድዩን ክፍተትና የየመንገዱን ጠርዝ ከፍታ ያስለኩ። የከተማ አስተዳደሮች ለዚህ ሥራ ቀያሽና በጀት ይመድቡ።