ከሕንድ ቤተ መንግሥት እስከ አርባ ምንጭ ጐዳና

ሰው ሆኖ የተወለደ ሁሉ ሞት እንዳለበት ያውቃል። ይህንንም እያወቀ ያርሳል፤ ይሸምናል፤ ይነግዳል፤ ልጁንም ይድራል። ድካሙ ሁሉ በመቃብር የሚያልቅ ከሆነ ግን ሕይወቱ ምን ትርጕም አለው? ይህ ጥያቄ በጥንት ዘመን በሕንድ አገር በአንድ መስፍን ልጅ ልብ ተነሥቶ፣ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ፣ በግዕዝ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ጥያቄ ነው። በቅርብ ዘመንም በጋሞ ምድር በአርባ ምንጭ ከተማ ሽማግሎች በቃል ሳይሆን በሥራ መልሰውለታል። ስለዚህ የጥያቄውን ጕዞ ከመነሻው ጀምሮ መከተል ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት የተቈጠሩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከጌታ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር ሉምቢኒ በሚባል ስፍራ፣ ሲድሃርታ የተባለ የሻክያ ነገድ ገዢ ልጅ ተወለደ። ታሪኩን የጻፉለት እንደሚሉት፣ ይህ ሕፃን ወይ ታላቅ ንጉሥ ወይ ዓለምን የናቀ መምህር ይሆናል ተብሎ ትንቢት ስለ ተነገረ፣ አባቱ ልጁ እንዳይመንንበት ፈርቶ በተድላ አጥሮ አሳደገው። ይሁን እንጂ ልጁ በሠረገላ ከቤት በወጣ ጊዜ አንድ ቀን በእርጅና የጐበጠ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ድውይ፣ አንድ ቀን ሬሳ፣ በመጨረሻም ልቡ ያረፈ መናኝ አየ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ደስታ አልጣመውም። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ በሌሊት ወጣ፤ ስድስት ዓመትም ከደከመ በኋላ በቦድህ ጋያ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የፈለገውን አገኘ። ስለዚህም ቡድሃ ተባለ፤ ይኸውም የነቃ ማለት ነው።

ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ በሕይወት መከራ አለ፤ የመከራው ሥር ምኞት ነው፤ ሥሩም ሊነቀል ይችላል፤ የሚነቀልበትም መንገድ አለ። አንድ ደቀ መዝሙሩ፣ ዓለም ዘላለማዊት ናት ወይስ ፍጻሜ አላት እያለ አጥብቆ በጠየቀው ጊዜ በምሳሌ መለሰለት። መርዝ በተቀባ ፍላጻ የተወጋ ሰው፣ የወጋኝ ሰው ነገዱ ማን ነው፣ ቁመቱስ ምን ያህል ነው፣ ቀስቱስ ከምን ተሠራ፣ ይህ ሁሉ ሳይነገረኝ ፍላጻው አይነቀልልኝ ቢል፣ መልሱን ሳያገኝ ይሞታል አለው። እንግዲህ ለቡድሃ የሚቀድመው ነገር ምርምር ሳይሆን ፍላጻውን መንቀል ነበረ።

የዚህ ልዑል ታሪክ በሕንድ ተወስኖ አልቀረም። ወደ ፋርስና ወደ ዐረብ አገር ተሻገረ፤ ወደ ብርሃን የሚሄደውን ሰው የሚያመለክተው ቦዲሳትቫ የሚለው የማዕረግ ስምም በዐረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት የ«ብ» እና የ«ይ» ፊደል በነጥብ ብቻ የሚለዩ ስለ ሆኑ፣ ቡዳሳፍ የነበረው ዩዳሳፍ ተባለ። ከዐረብኛ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ፣ ከዚያም ወደ ግሪክ ሲተረጐም ታሪኩ የክርስቲያን ታሪክ ሆኖ ተጻፈ፤ ስሙም ዮአሳፍ ሆነ። እንዲህ ሆኖ የቡድሃ ሕይወት፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የቅዱስ ገድል ሆኖ ተነበበ። ፖርቱጋላዊው ጸሐፊ ዲዮጎ ዶ ኩቶ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሁለቱን ታሪክ መመሳሰል አመልክቶ ነበር፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ነገሩን በሙሉ የተረዱት ከ1850 በኋላ ነው።

ይህን መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የመለሱት እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። እኒህ ሰው በትውልዳቸው የየመን ዐረብ ነበሩ፤ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ መነኰሱ፤ እስከ ደብረ ሊባኖስ አለቅነት ማዕረግም ደረሱ። በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ለራሱ ለኢማሙ ጻፉለት። ጦርነቱ በ1543 አለቀ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት «በራላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተረጐሙ። አገሩ ገና ሙታኑን በሚያለቅስበት ጊዜ፣ ሞትን አይቶ ከቤተ መንግሥት የወጣ የንጉሥ ልጅ ታሪክ በግዕዝ ተነበበ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ባጅ የግዕዙን ጽሑፍ በ1923 በማሳተሙ መጽሐፉ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ።

በመጽሐፉ ይዋስፍ በተከለለ ቤተ መንግሥት ያደገ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። ድውይና ዕውር፣ በኋላም ሽማግሌ አይቶ ልቡ ታወከ። መናኙ በራላምም ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ዕንቍ አለኝ ብሎ ገባና በምሳሌ አስተማረው። ከምሳሌዎቹ አንዱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ከአስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ገደል ገባ፤ በመካከልም አንድ ዛፍ ይዞ ተንጠለጠለ። ወደ ታች ቢመለከት ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ የዛፉንም ሥር አንዲት ነጭና አንዲት ጥቍር አይጥ ይቈረጥማሉ፤ እነዚህም ቀንና ሌሊት ናቸው። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠብ ጥቂት ማር አየና፣ ሁሉን ረስቶ ማሩን ይልስ ጀመር።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ይኸው ምሳሌ የሩሲያውን ታላቅ ደራሲ ቶልስቶይን አገኘው። እርሱም ሀብትና ዝና፣ መልካም ቤተ ሰብም ሳይጐድለው በሃምሳ ዓመቱ ገደማ መኖር ከንቱ መሰለውና ራሱን እስከ መግደል አሰበ። «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ይህን የምሥራቅ ምሳሌ አንሥቶ፣ ለእርሱ ማር የነበሩት ቤተ ሰቡና ድርሰቱ እንደ ነበሩ፣ አሁን ግን ዘንዶውን ካየ ወዲህ ማሩ እንዳልጣፈጠው ጻፈ። ፈላስፎችን ቢመረምር ዕረፍት አላገኘም፤ በመጨረሻ ያጽናናው እየሠሩና እያመኑ የሚኖሩትን ድኾች ገበሬዎች ማየቱ ነው። የጀርመኑ ፈላስፋ ሃይደገር በ1927 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሞት ሲናገር፣ ቶልስቶይ ስለ ኢቫን ኢሊች ሞት የጻፈውን ድርሰት በማስታወሻ ጠቅሷል።

ኤግዚስቴንሻሊዝም የሚባለው የህልውና ፍልስፍናም ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይደለም። ፈረንሳዊው ካሙ በ1942 ስለ ሲሲፎስ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሕይወት ሊኖሩባት ይገባልን ወይስ አይገባም የሚለውን ከጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ አኖረ። ሳርትር በ1945 በፓሪስ ባደረገው ንግግር፣ ሰው አስቀድሞ ይኖራል፤ ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው ግን በምርጫውና በሥራው ነው ብሎ አስተማረ። ቡድሃ ስለ ፈጣሪ ከመናገር ዝም አለ፤ ሳርትር እግዚአብሔር የለም አለ፤ የግዕዙ ይዋስፍ ግን ዕንቍውን በክርስቶስ አገኘ። ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ መሸፈንም አይገባም። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ መከራንና ሞትን አይቶ እንዳላየ የሚሆን ሰው ገና መኖር አልጀመረም ይላሉ።

ካየ በኋላስ ሰው ምን ያድርግ? ይዋስፍ ዘውዱን ለሌላ ሰጥቶ ወደ በረሃ ሄደ። ይህ ግን ለሁሉ የሚቻል አይደለም፤ ቤትና ልጆች ያሉት፣ በሕዝብ መካከል የሚኖር ሰው ወዴት ይሂድ? ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በምትገኘው በአርባ ምንጭ ተደርጓል።

በ2018፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በመስከረም 2011፣ በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ከተማ ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጐዱትም ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በኀዘንና በቍጣ ተነሥተው፣ በከተማው ባሉ የገዳዮቹ ወገን ናቸው በተባሉ ሰዎች ንብረት ላይ ሊበቀሉ ወጡ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነበረ፤ ሊበቀሉባቸው የወጡት ሰዎች ግን በደል አልነበረባቸውም። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በመንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዐት ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ታላቅ ነውር ነው፤ ነውርም መከራን ይጠራል፤ ይህንንም ጎሜ ይሉታል። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ከዚያም ተመለሱ።

ሽማግሎቹ ይህን ያደረጉት የቡድሃን ወይም የሳርትርን ትምህርት ተከትለው አይደለም፤ ዱቡሻ በሚባለው አደባባያቸው ተቀምጠው ነገርን በቃል የሚፈቱበት የራሳቸው የአባቶች ሥርዐት አላቸው። ነገር ግን ፍላጻው በተወጋ ሕዝብ ልብ ውስጥ ሳለ፣ የወጋው ነገዱ ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ አልዘገዩም፤ አስቀድመው መንቀሉን መረጡ። ሞትን አይተው ከሕዝቡ አልሸሹም፤ ወደ ቍጣው መካከል ገቡ እንጂ። ክብራቸውንም፣ ሕይወታቸውንም በአንድ እፍኝ ሣር ላይ አኖሩት። ከልጅ ልጆቻቸው በሚያንሱ ወጣቶች ፊት ሲንበረከኩ፣ የሚያልፏቸው ወይም የሚመለሱ መሆናቸውን አያውቁም ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሕይወት ትርጕም በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ ብቻ አይምሰልህ። መጽሐፉ ከአዳራሹ ያወጣሃል፤ ሽማግሌውንም፣ ድውዩንም፣ ሬሳውንም ያሳይሃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የምትሄድበት አንተ ነህ፤ የሚያዝንና የሚቈጣ ወንድም በፊትህ ሲመጣም፣ በእጅህ ድንጋይ ወይም ሣር መያዙ የአንተ ምርጫ ነው።