ሁለት ካርታዎች፣ አንድ ዓይን

ዓይን አይቶ የሰውን ኩላሊትና ጉበት ሁኔታ መናገር ይቻላል የሚል ሙያ አለ፤ አይሪዶሎጂ ይባላል። የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ፎን ፔቼሊ ነው። በልጅነቱ የጉጉት እግር ሰብሮ ወዲያው በዓይኗ ላይ ጥቁር መስመር አየ ይባላል። ኋላም በብሌን ዙሪያ ያለውን ባለቀለም ቀለበት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ቦታ የሚሰጥ ካርታ ሠራ።

ካርታው ግን ሲፈተን ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሦስት ባለሙያዎች የ143 ሰዎችን የዓይን ፎቶ አይተው የኩላሊት ሕመምተኛውን ከጤነኛው መለየት አልቻሉም። በ1988 በኔዘርላንድስ በሐሞት ጠጠር ላይ የተደረገው ፈተናም ውጤቱ ያው ነበር።

ታዲያ ዓይን ስለ ጤና ምንም አይናገርም? ይናገራል። የወፍ በሽታ ነጩን ቢጫ ያደርጋል፤ የደም ማነስ የታችኛውን ቆብ ውስጥ ያነጣል። በጋሞ ግን ትልቁ ታሪክ ያለው ከላይኛው ቆብ ሥር ነው፤ ትራኮማ።

የናፖሊዮን ወታደሮች በግብፅ የታመሙበት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ወደብ መርማሪዎች የስደተኛውን ቆብ እየገለበጡ የፈለጉት በሽታ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ምልክቶቹን በአምስት ከፈላቸው፤ የሰለጠነ የመስክ ሠራተኛ በባትሪ ብርሃን ሊለያቸው ይችላል። በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳየ። ከ2012 እስከ 2016 ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የትራኮማ ካርታ ተሠራ። መርማሪዎቹ ከመሰማራታቸው በፊት ራሳቸው ተፈትነዋል። የሁለቱ ካርታዎች ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ልዩነት ከምርመራው በኋላ የሚመጣው ነው። ቆብ ሲገለበጥ የሚታየው ወደ መድኃኒት፣ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ በወረንጦ ሲነቅል ለኖረ አዛውንት ደግሞ ወደ ቀዶ ሕክምና ይመራል። መከላከያው ግን ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአርባ ምንጮች ነው፤ ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ የደጋ ቤተሰብ ግን ለልጆቹ ፊት የሚተርፈውን በጣሳ ይቆጥራል። የጋሞ ልጅ ዓይን የሚናገረው ስለ ኩላሊቱ ሳይሆን ስለ ቀበሌው ቧንቧ ነው። ያንን ማንበብ የሐኪም ብቻ ሳይሆን በጀት የሚመድበው ሰውም ሥራ ነው።