የአነስተኛ አውሮፕላን የሞተር ባፍሎች መበላትና ሕክምናው፤ እስከ የት እንፋቅ?

ሴስና 172ን በመሳሰሉ አነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ ለዓመታት የተገጠመው ላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ከፊት የሚገባው አየር ግን መሪ ካላገኘ የሚቀለውን መንገድ ይዞ በሲሊንደሮቹ ዳር ያልፋል። ባፍል የሚባሉት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች አየሩን ከላይ ወደ ታች በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ ያስገድዱታል፤ በጠርዛቸው የታሰረው የሲሊኮን ጎማ ደግሞ በሞተሩ ሽፋን በኩል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ባፍል የአውሮፕላኑን አካል የሚሸከም ክፍል ስላልሆነ በምርመራ ጊዜ በቀላሉ ይታለፋል። ሲቀደድ ግን አየሩ ያመልጣል፣ የሲሊንደሩ ራስ ይግላል፤ የዚህ ሞተር ጣሪያ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

አሉሚኒየም አይዝግም የሚባለው ከፊል እውነት ነው። ገጹ ላይ የሚፈጠረው የኦክሳይድ ሽፋን ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ቢሆንም በደህናው ጊዜ በቂ ጠባቂ ነው። ጨው ሲደርስበት ይበሳል፤ በባሕር ዳርቻ የሚያድሩ አውሮፕላኖች ቀድመው የሚጠቁት ለዚህ ነው። ለባፍል ከሚውሉት ቅይጦች አንዱ የሆነው 2024 ለጥንካሬ ሲባል 4 በመቶ ገደማ መዳብ ስላለበት ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ከጭስ ማውጫ መገጣጠሚያ የሚያፈተልከው ጭስም አይናቅም፤ እርሳስ ያለበት የአቪዬሽን ቤንዚን ሲነድ የሚተወው የብሮሚን ውሁድ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላል። በእኔ ግምት ግን ክፉው ቦታ ከጎማው ሥር ነው። እዚያ የገባ ውሃ አይደርቅም፣ ኦክስጅንም ስለሚያጥር ኦክሳይዱ ራሱን መጠገን ይሳነዋል። ጎማውን ሳያነሡ ባፍሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ሕክምናው የሚጀምረው ቅባቱን አጥቦ ነጩን ዱቄት በማስለቀቅ ነው። የናይለን መፋቂያ ወይም የአሉሚኒየም ሱፍ ይበቃል። የብረት ሽቦ ብሩሽ ፈጽሞ አይነካውም፤ ብናኙ ተሰክቶ ይቀርና አዲስ መበላት ይጀምራል። አስቸጋሪው ጥያቄ የመፋቁ ልክ ነው። 2024 ብዙ ጊዜ በሁለቱም ገጹ በንጹሕ አሉሚኒየም ተለብጦ ይቀርባል፤ ልባጩ በእያንዳንዱ ገጽ ከውፍረቱ 5 በመቶ ያህል ነው። ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ከሆነ ልባጩ 0.04 ሚሊሜትር መሆኑ ነው፤ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። በብርጭቆ ወረቀት እያበሩ መፋቅ እንግዲህ ጠባቂውን ማንሣት ነው።

ከዚያ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ይቀባል፣ በውሃ በደንብ ይታጠባል። ውሃው ነጠብጣብ ሳይሠራ ገጹን ሙሉ ለሙሉ ካለበሰ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ አሎዲንን የመሰለ የክሮሜት ሽፋን ይደረጋል። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ፤ አልስማማም። የተለመደው የክሮሜት ሽፋን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲቆይ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፣ የሞተር ክፍል ደግሞ ከዚህ በላይ ይግላል። ስለዚህ ሙቀት የሚችል የኢፖክሲ ፕራይመርና ቀለም ሊደረብበት ይገባል። በክሮሜቱ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር ስለሚያስከትል ጓንት ግዴታ ነው፤ በአሎዲን የራሰ ጨርቅም ሲደርቅ ሊቀጣጠል ስለሚችል ከመጣሉ በፊት በውሃ ይታጠባል።

ጉድጓዱ ከልባጩ አልፎ ከጠለቀ፣ ወይም በሪቬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ከታየ፣ ቀለም መደራረቡ ጉዳቱን ከመሸፈን አያልፍም። ያ ባፍል በአዲስ ይተካ።